እኅቴ የዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ የቀሩትን አምስት ወራት በምን ላይ እናውላቸው?

ጠያቂ፦ ታላቅ ወንድም

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ስለ ታናሽ እኅቴ ነው። ከወላጆቻችን ጋር በአንዲት የወረዳ ከተማ ትኖራለች፤ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ፈተናው እንደ ወትሮው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ የሚሰጥ ከሆነ አምስት ወር ያህል ቀርቷታል። እኔ አዲስ አበባ በግንባታ ሥራ ላይ ነኝ። ትምህርቴን ከ10ኛ ክፍል በላይ ስላልገፋሁበት በቀለም ልረዳት አልችልም፤ በገንዘብ ግን አቅሜ የፈቀደውን ያህል እልክላታለሁ።

ከትምህርት ቤታቸው ባለፉት ሁለት ዓመታት ለፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣ አንድም አልተገኘም። የፊዚክስ መምህራቸው 11ኛ ክፍል ሳሉ በዓመቱ አጋማሽ ለቅቆ በመሄዱ ለወራት ምትክ አልነበረውም። እኅቴ ከክፍሏ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የምትወጣ፣ አማካይ ውጤቷም 88 የሆነ ልጅ ናት። ሆኖም በቅርቡ የቀደሙ ዓመታት የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና ወረቀቶችን አግኝቼ ልኬላት ሰዓት ይዛ ብቻዋን ስትሠራቸው፣ ከእንግሊዝኛው 120 ጥያቄ 49፣ ከሒሳቡ 65 ጥያቄ ደግሞ 19 ብቻ አገኘች። ይህን ደውላ ስትነግረኝ «ካርዴ ውሸት ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ።

ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። በመጀመሪያ፣ በቀረው ጊዜ ከየትኛው ትምህርት ብትጀምር ይሻላል? በዞኑ ከተማ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ ነገር ግን መጓጓዣው ከክፍያው ጋር ተደምሮ ከደመወዜ ሲሶ ያህሉን ይወስዳል። ሁለተኛ፣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ፈተናውን ቀድሞ በቴሌግራም የሚልክ ሰው እንደሚያውቅ ነግሯት ገንዘብ እንድንልክ ይጠይቃል፤ እኔ አላመንሁትም፣ እናቴ ግን «ሌሎቹ ሲያገኙ የእኛ ልጅ ለምን ትቅር» እያለች ነው። ሦስተኛ፣ የመግቢያ መስፈርቱ በትክክል ምን እንደሆነ ግልጽ አልሆነልኝም። 50 በመቶ ያመጣ ሁሉ የፈለገበት ይገባል? ሪሚዲያል የሚባለውስ ለማን ነው? እኅቴ የምትመኘው ፋርማሲ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ደግሞ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር።

መልስ 1፦ የሒሳብ መምህር

ውድ ወንድሜ፣ እኅትዎ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ ስለሚገባው ከእርሱ ልጀምር። ካርዷ ውሸት አይደለም፤ የሚለካው ግን ሌላ ነገር ነው። የክፍል ፈተና መምህሩ ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ያስተማረውን፣ ባስተማረበት አኳኋን፣ ብዙ ጊዜም ደብተር ላይ ከተጻፈው ምሳሌ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ ይጠይቃል። ብሔራዊው ፈተና ግን የዓመታት ትምህርትን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ የእርሷን መምህር በማያውቅ ሰው እጅ በተዘጋጀ ጥያቄ ይመዝናል። ደብተሯን በትጋት የምታጠና ልጅ በካርዷ 88 አምጥታ በወረቀቱ ላይ ይህን ያህል ዝቅ ማለቷ ጥናቷ ገና ከደብተር ወደ መጽሐፍ እንዳልተሻገረ ያሳያል፤ ስንፍናዋን አያሳይም። እባክዎ ይህን በእኔ ስም ይንገሯት። አሥራ ሰባት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያሉ ብዙ ጎበዝ ልጆች በጥር ወር ተስፋ ቆርጠው መጽሐፋቸውን ሲዘጉ አይቻለሁና ነገሩ ከልብ ያሳስበኛል።

ብቻዋንም አይደለችም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ስለዚህ ከእኅትዎ ትምህርት ቤት የሚያልፍ መጥፋቱ የልጆቹ አእምሮ ጉድለት ሳይሆን የአገር ችግር ነው፤ ሸክሙን ግን አሁን የተሸከሙት ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የሠራቻቸውን ሁለት ወረቀቶች እንዳትጥላቸው ይንገሯት። ከአዲስ ወረቀት ይልቅ የሳተችው ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅማታል። እያንዳንዱን የተሳሳተ ጥያቄ እንደገና ታንብበውና ለምን እንደሳተችው ከጎኑ ትጻፍ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ስላልተማረችው ነው? ትምህርቱን እያወቀችው የጥያቄው እንግሊዝኛ ስላልገባት ነው? ወይስ እያወቀችውና ጥያቄው ገብቷት ሳለ ስሌት አበላሽታ ወይም ተጣድፋ ነው? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ልዩነቱን ሳያውቁ በደፈናው «ብዙ ማጥናት» ብዙ ተማሪ የሚያውቀውን ደግሞ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ የማያውቀውን ደግሞ እንዲሸሸው ያደርጋል።

በሒሳብ የማየው ዋና ችግር ያለው 12ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። ተማሪው የዴሪቬቲቭን ሕግ ሸምድዶ ይመጣና ክፍልፋይ ማቃለል ላይ ይወድቃል፤ የድምር ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞች ድምር እየመሰለው ይጽፋል፤ የኢኩዌሽንን ሁለት ጎን በፊደል ሲያካፍል ያ ፊደል ዜሮ ሊሆን እንደሚችል አያስብም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ እንድትጀምር እመክራለሁ፤ እርሱም ምሳሌዎቹን ለማንበብ ሳይሆን በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን መልመጃዎች በእጇ ለመሥራት ነው። ከ9ኛ ክፍል መጀመር ወደ ኋላ መመለስ መስሎ ያስፈራል፤ ይሁን እንጂ 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ያለው ሥራ ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ፊዚክሱም ቢሆን ብዙ የሒሳብ ሥራ አለበት። 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚለውን ወደ 20 ሜትር በሰከንድ መለወጥ የማትችል ልጅ ቀመሩን ብታውቀው እንኳ መልሱን አታገኝም።

ስለ ፊዚክስ ግን የማዝነው በእውነት ነው፤ መምህር አጥቶ የተዘለለ ትምህርት በራስ ጥረት ብቻ ለመሙላት ከባድ ነው። የዞኑን የቅዳሜና እሑድ ትምህርት አልቃወምም፤ ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ በመንገድና በተጨናነቀ ክፍል ከማሳለፍ፣ በዚያው ገንዘብ ሦስትና አራት ጓደኞች ሆነው በከተማቸው ያለ አንድ የፊዚክስ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን የ11ኛ ክፍሉን እንዲያስተምራቸው ቢያደርጉ ይሻላል።

የቀደሙ ዓመታት ወረቀቶችን ስትጠቀም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። ሥርዓተ ትምህርቱ በመቀየሩ የድሮዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ከአሁኑ መጻሕፍት ጋር አይገጥሙም፤ ስለዚህ ያልተማረችው ርዕስ ሲገጥማት ከመደንገጧ በፊት በመጽሐፏ ማውጫ ትፈልገው፤ ካጣችውም መምህሯን ትጠይቅ።

መልስ 2፦ ሪሚዲያል ያለፈች

ከመምህሩ ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። ለሁሉም የምትቀድመው እንግሊዝኛ ናት። ይህን የምለው እኔ ራሴ ከገጠር ትምህርት ቤት መጥቼ በመጀመሪያው ፈተና ግማሽ ስላላመጣሁና ምክንያቱን ዘግይቼ ስለተረዳሁት ነው። ባዮሎጂን በአማርኛ ብትጠይቁኝ አንድ በአንድ እመልስ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ከሚከተሉት ውስጥ የማይሆነው የትኛው ነው» የሚሉትን ጥያቄዎች «የሚሆነው» ብዬ እያነበብሁ አምስትና ስድስት ነጥብ በከንቱ አጣሁ። እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ሲደመሩ ከስድስቱ ትምህርቶች ሁለቱ ናቸው፤ ሌሎቹ አራቱ ማለትም ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂም የሚጠየቁት በእንግሊዝኛ ነው። አፕቲትዩድ በክፍል የማይሰጥ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ይተወዋል፤ ነገር ግን የቃላት ዝምድና፣ ዓረፍተ ነገር ማሟላት፣ አንቀጽ አንብቦ መረዳት፣ የቁጥር ሰንሰለትና የአመክንዮ ጥያቄዎች መልካቸው ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይለወጥ በልምምድ ቶሎ የሚሻሻል ትምህርት እርሱ ነው።

እኔን የረዳኝ ዘዴ ቀላል ነበር። በየቀኑ ከባዮሎጂ ወይም ከኬሚስትሪ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ብቻ ድምፅ እያወጣሁ አነብ ነበር፤ ያልገባኝን ቃል አሰምርበትና ገጹን ከጨረስሁ በኋላ ትርጉሙን እፈልጋለሁ፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግቼ ያነበብሁትን በራሴ እንግሊዝኛ፣ ስህተቱን ሳልፈራ፣ በሦስት መስመር እጽፈዋለሁ። በዚህ መንገድ እንግሊዝኛዋም ባዮሎጂዋም በአንድ ጊዜ ይጠናሉ። ለብቻው የሰዋስው መጽሐፍ ገዝቶ ሕግ ከመሸምደድ እጅግ ይሻላል።

ወንድሜ፣ አሁን ደግሞ ለእርስዎና ለእናታችን የምለው አለኝ። እኅትዎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረውና ታናናሾቿን የምትይዘው እርሷ ከሆነች፣ ማታ መጽሐፍ የምትከፍተው ሰውነቷ ዝሎ ነው። እኔ ቤት እንዲህ ነበር። ወንድሜ ያለፈው በአንድ ጊዜ ነው፤ ከእኔ ስለበለጠ ሳይሆን በቀን ሦስት ሰዓት ከእኔ የበለጠ ስለነበረው ነው። ከላኩት ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ለአምስት ወር ብቻ ውኃ ለሚያመጣ ሰው ቢከፈልና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ በቤቱ ሁሉ ዘንድ የእርሷ ተብሎ ቢታወቅ፣ ከማንኛውም የማጠናከሪያ ትምህርት ይበልጣል። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆነ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ይላኩላት።

በቴሌግራም ፈተና እንልካለን ለሚሉት አንዲት ሳንቲም እንዳትልኩ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየተወሰዱ እንዲፈተኑ የተደረገውም ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ነው። ወደ ግቢ ስትገባ ስልክ ይዞ መገኘት ክልክል ነውና እውነተኛ ወረቀት ቢኖር እንኳ የሚደርሳት አይደለም። እኔ በተፈተንሁበት ዓመት የክፍል ጓደኛዬ ለእንዲህ ያለ ሰው ከፍላ፣ የተላከላትን መልስ ሁለት ቀን ስትሸመድድ ቆይታ፣ በፈተናው ቀን አንድም ጥያቄ ሳይገጥምላት ቀረ። ገንዘቡ ይቅር፤ እነዚያ ሁለት ቀናት ግን አይመለሱም።

ጠያቂው፦ ታላቅ ወንድም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለእናቴ ስለ ውኃውና ስለ ምሽቱ ሰዓት አነበብሁላት፤ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እኔም ለምዶብኝ ነው እንጂ አላሰብሁትም» አለችና ተስማማች። የቴሌግራሙን ነገር ትተነዋል። እኅቴም የሒሳቡን ወረቀት መምህሩ እንዳሉት ለይታ ላከችልኝ። ከሳተቻቸው 46 ጥያቄዎች መካከል 21 ያህሉ ጨርሶ ያልተማረቻቸው ወይም ያልገቧት ናቸው፤ 9 ጥያቄ እንግሊዝኛው ግራ አጋብቷት ነው፤ 16ቱን ግን ሰዓት ሳትይዝ ረጋ ብላ ስትሠራቸው ራሷ አገኘቻቸው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የመግቢያ መስፈርቱን የሚያብራራልኝ ሰው ካለም አሁንም እጠብቃለሁ።

መልስ 3፦ የሬጅስትራር ሠራተኛ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለምሠራ ስለ መስፈርቱ የምችለውን ላስረዳ። በየዓመቱ ወላጆች ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው በደጃችን የሚያለቅሱት አብዛኛውን ጊዜ ልጃቸው ስለወደቀ ሳይሆን፣ ማለፍ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ አስቀድሞ የነገራቸው ስላልነበረ ነው።

የ50 በመቶ መስፈርት የሚቆጠረው በድምር ነው። ከስድስቱ ትምህርቶች ከእያንዳንዳቸው 100 በድምሩ 600 ከሆነ፣ ማለፊያው 300 ነው። በአንዱ ትምህርት ከግማሽ በታች ማምጣት በራሱ አይጥልም፤ ሌላው ሊያካክሰው ይችላል። ስለዚህ ፊዚክሷ ቢደክም እንኳ በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ የምታመጣው ትርፍ ይሸፍንላታል፤ የጥናት ጊዜዋን ስትከፋፍል ይህን ታስብ።

ግማሽ ማምጣት በሩን ይከፍታል፤ የሚገቡበትን ክፍል ግን አይመርጥም። ያለፉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣሉ፤ የሚመደቡትም በውጤታቸው፣ በምርጫቸውና በየተቋሙ የመቀበል አቅም መሠረት በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ነው። በ310 ያለፈችና በ480 ያለፈች ልጅ ሁለቱም አልፈዋል፤ የመጀመሪያ ምርጫቸውን የማግኘት ዕድላቸው ግን አንድ አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና የሚሰጡ ተቋማት አሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በራሳቸው ፈተና ይመርጣሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ከብሔራዊው ፈተና ውጤት ሌላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እኅትዎ ከእርስዎ ጋር እየኖረች ለመማር የምትመኝ ከሆነ ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና አሁኑኑ ትወቅ፤ የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣውን ማስታወቂያ ውጤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ እርስዎ አዲስ አበባ ስለሆኑ በየቀኑ ይከታተሉላት።

ፋርማሲን በተመለከተ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያ የፍሬሽማን የጋራ ትምህርት ይወስዳሉ፤ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን የጤና ትምህርቶች ብዙ ተማሪ የሚሻማባቸው ስለሆኑ የፍሬሽማን ውጤት ከባድ ሚዛን አለው። ይህ ማለት 12ኛ ክፍል ላይ ፋርማሲ ስለማግኘትና ስለማጣት መጨነቅ አይገባትም ማለት ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆኗ በሩን ክፍት አድርጎላታል፤ የቀረው የሚወሰነው ግቢ ከገባች በኋላ ነው።

ግማሽ ካላመጣችም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሚዲያል የሚባለው መርሐ ግብር ተጀምሯል። ከ50 በመቶ በታች ያመጡ ተማሪዎች ሁሉ የሚገቡበት ግን አይደለም፤ ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የመቁረጫ ነጥብ ያወጣለታል፤ ነጥቡም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ይላል። የተመደቡት ተማሪዎች ለወራት ዋና ዋና ትምህርቶችን እንደገና ተምረው፣ 30 በመቶው በተቋሙ ምዘና፣ 70 በመቶው ደግሞ በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ተይዞላቸው፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ካመጡ በቀጣዩ ዓመት ፍሬሽማን ይሆናሉ። ይህም ካልሆነ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም አለ።

በግል ኮሌጆች ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። «ውጤት ባይመጣም በዲግሪ እንመዘግባለን» የሚል ቃል ከሰማችሁ ሽሹ። በዲግሪ ለመማር በግል ተቋምም ቢሆን የመግቢያ መስፈርቱን ማሟላት ወይም ሪሚዲያል ማለፍ ግዴታ ነው። መስፈርቱን ሳያሟላ የተማረ ሰው ማስረጃው ተቀባይነት ስለሚያጣ ከዓመታት በኋላ ጉዳቱን ብቻውን ይሸከማል። አንድ ዘመዴ ሦስት ዓመት ከከፈለ በኋላ ይህ ደርሶበታል። ከመመዝገብ በፊት ተቋሙ ብቻ ሳይሆን ያ የትምህርት ዘርፍ በዚያ ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣርቶ ማወቅ ይገባል።

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ጉዳዮችን ጨምሬ ላብቃ። አንደኛው ስም ነው። ለፈተና ስትመዘገብ ስሟ፣ የአባቷና የአያቷ ስም፣ ጾታዋና የትምህርት ዘርፏ በትክክል መመዝገባቸውን፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ከትራንስክሪፕቷ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን በዓይኗ አይታ ታረጋግጥ። በምዝገባ ጊዜ በአንድ ቀን የሚታረም ስህተት ውጤት ከወጣ በኋላ ለወራት ያመላልሳል። ሁለተኛው ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱ ነው። እኅትዎ ማውስ ይዛ የማታውቅ ከሆነ በትምህርት ቤቷ ወይም በወረዳው የኮምፒዩተር ማዕከል ጥያቄ መክፈት፣ መልስ መምረጥ፣ ወደ ኋላ መመለስና ሰዓት ማየት ትለማመድ። ከፊቷ ያለውን መሣሪያ ፈርታ የምታውቀውን ጥያቄ እንድታጣ አልሻም።

መልስ 4፦ የሒሳብ መምህር

የላኩትን ቁጥር አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ትርጉሙን ልንገርዎ። 19 አግኝታለች፤ በጥድፊያና በስሌት የሳተቻቸው ደግሞ 16 ናቸው። ሁለቱ ሲደመሩ 35 ይሆናሉ፤ ከ65 ውስጥ 35 ከግማሽ በላይ ነው። እኅትዎ ገና አንድ አዲስ ምዕራፍ ሳትማር የግማሹ መስመር በእጇ ላይ አለ ማለት ነው። አሥራ ስድስቱንም ታስመልሳለች ብዬ አላታልልዎትም፤ አሥራ ሁለቱን ብታስመልስና እንግሊዝኛው ግራ ካጋባት 9 ጥያቄዎች 6ቱን ብታገኝ 37 ይደርሳል። ያልተማረቻቸው 21 ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

እኅታችን ስለ እንግሊዝኛ ያለችውንም ተቀብያለሁ፤ የ9ኛ ክፍሉ መልመጃና የሁለት ገጹ ንባብ ጎን ለጎን ቢሄዱ አንዱ ሌላውን አያደናቅፍም። የሒሳቡ ፈተና በ3 ሰዓት ውስጥ 65 ጥያቄ ያለው ከሆነ ለአንዱ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የምታውቃቸውን ብቻ ሠርታ ትለፍ፤ የሚያንገራግራትን ምልክት አድርጋ ትዝለለው፤ በሁለተኛው ዙር ትመለስበት። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ሰዓቱ ሲያልቅ ባዶ የተተወ ጥያቄ አይኑር።

ለዚህ ሳምንት የምሰጣት ሥራ ይህ ነው፦ እነዚያን 16 ጥያቄዎች መልሳቸውን ሸፍና፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይዛ፣ ስሌቱን ሳትዘል በወረቀት ላይ እንደገና ትሥራቸው፤ የትኛው መስመር ላይ እንደምትሳሳትም በቀይ ታስምር። እሑድ ማታ የሠራችበትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልዎና እዚህ ይለጥፉልኝ፤ ስህተቶቹን አይቼ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ በየትኛው ምዕራፍ እንደምትጀምር እነግራታለሁ።